ረዳቱ ጋኔን

ለውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ባልሽስ? ትንሹስ? እኛ ደህና ነን። እዚህ ማታራ ዝናቡ አላባራ ብሎ የኮኮናቱን ቃጫ እንኳ ማድረቅ አቅቶናል።

እማዬ ታማ ነበር። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እስኪሻላት ያልጻፍኩልሽ። እህል አልቀምስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሐኪሙ ምንም አላገኘባትም። በመጨረሻ ባለጭምብሎቹን ጠራን። ታውቂያቸዋለሽ፤ በሽታውን ጋኔን አድርገው ያመጡትና ሰው ፊት ያዋርዱታል፤ በሽተኛው ከሳቀበት ዳነ ማለት ነው። ከበሮ መቺው ኤዲሪስ ምን እንደነካት ቀደም ብሎ ጠየቀኝ። ትልቋ ልጇ ከአውቶቡስ ረዳት ጋር ከኮበለለች ወዲህ ደስታ የላትም፣ ሰውየውንም ዓይኑን አላየውም ብላ ምላለች አልኩት።

ሰፈሩ ሁሉ ግቢያችን ተሰበሰበ። አንካሳው ጋኔን ወጣ፣ ደንቆሮውም ወጣ። ሰው በሳቅ ሞተ፤ እማዬ ግን ምንጣፏ ላይ ንቅንቅ አላለችም። ሊነጋ ሲል አንድ ጥርሰ ገጣጣ ጋኔን የኤዲሪስን ከበሮ እንደ አውቶቡስ በር እየደበደበ መጣ።

‹‹አኩረሳ! አኩረሳ! ጠጋ ጠጋ በሉ!›› ይላል፣ ልክ እንደ ባልሽ የአኩረሳን ተሳፋሪ እየጠራ።

ኤዲሪስ፣ ‹‹አንተ ቀጣፊ፣ እኚህ እናት ታመዋል፤ ቦታ ስጣቸው እንጂ›› አለው።

‹‹ለአሮጊት ጣሪያው ላይ ቦታ ሞልቷል! ከዶሮዎቹ ጋር!›› አለና ደወል እንደሚስብ ሆኖ አውቶቡሱን አስነሳ።

እማዬ ብድግ አለች።

‹‹ውሸታም!›› አለችው። ‹‹እሱ አሮጊት ሳትቀመጥ መች ደወል ስቦ ያውቃል? ጎረምሳውን በጆሮው ይዞ አስነስቶ ነው የሚያስቀምጠኝ!››

ኤዲሪስ ጎንበስ ብሎ፣ ‹‹እመት፣ ለመሆኑ ስንቴ ተሳፈሩ?›› አላት።

የሳሪዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት። ጋኔኑ ራሱ ጭምብሉን ገልጦ እስኪያያት ድረስ ሳቀች። ከዚያ፣ ‹‹ምን ያፈጥብኛል ይሄ? ይልቅ ሩዝ አምጡልኝ፤ ዓሣውም አይቅር›› አለች። ሁለት ጊዜ አስጨመረች።

አሁን ደህና ናት፤ እኔን መቆጣትም ጀምራለች። ዛሬ ጠዋት ላንቺ ልጽፍ ነው ስላት ስምሽን አልጠራችም። ሩዟን እየለቀመች፣ ‹‹ልጁን ፊት ወንበር ላይ ሲያስቀምጠው መስኮቱን ይዝጋበት በያት፤ አንገቱን እያወጣ ነው›› አለችኝ።

ልጅ መውለድሽን እኔ ነግሬያት አላውቅም፣ እትዬ። ባልሽን እስቲ ጠይቂው።

የቡድሃ ጥላ አይለያችሁ፤ መንገዱንም የሰላም ያድርግለት።

ታናሽ እህትሽ