በካንዴላው ሽቦ ላይ ያሰርከው ቀይ ክር

ውድ አባዬ፣

ብሎኑ ሁሉ ጠብቆ፣ አንድም ዕቃ ሳይተርፍ፣ መኪና ለምን አልነሳም ይላል? ቤቱ ውስጥ ሞተር ፈትቶ የገጠመ ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። እኔ ሰሞኑን ከእንቅልፌ ስነቃ የምጠይቀው እሱን ብቻ ነበር።

አዎ፣ ነክቼዋለሁ። በሐምሌ ፈታትተህ የተውከውን ሞተር እኔ ገጠምኩት። ያኔ ደጃፉ ላይ ወድቀህ ስናገኝህ እጅህ ገና በዘይት እንደተለወሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጅህ አልታዘዝ አለህ፣ ቃላቱም ከአንደበትህ ጠፉ። ሱቪ፣ የማገገሚያ ቤቱ ነርስ፣ «የሚያመላልሰው ካለ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ማደር ይችላል» ስትል አጠገብህ ነበርኩ። አንተ ራስህን ነቅንቀህ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዞርክ። እኔም ቤቱን ጠልተህ ሳይሆን ሸክም መሆን ፈርተህ ነው ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ግን ቅዳሜና እሑድ መንደራችን አውቶቡስ እንደማይመጣ ታውቃለህ፤ ያለን አሮጌው አረንጓዴ መኪናህ ብቻ ነው።

ወንድሜ ታነሊ ከስቶክሆልም ደውሎ ነበር። ሰኞ ብረታ ብረት ሰብሳቢ መጥቶ እንዲጭነው ተነጋግሮ ጨርሷል።

«ኬርቱዬ፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው። ተመርቀሻል፣ ሥራ ፈልጊ እንጂ በዘይት አትታጠቢ።»

«ሥራ አመልክቻለሁ።»

«መኪናውስ?»

«ይነሳል።»

«አንቺ የተማርሽው ስለ አፈር ነው!»

«መኪናውም የሚሄደው አፈር ላይ ነው።»

ሳቀ፤ ሰብሳቢውን ግን አልሰረዘውም።

አዲሱን የጓርኒሲዮን ማሸጊያ አንጥፌ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ መለስኩት፤ ብሎኖቹን አንተ እንደምታደርገው ከመሃል ወደ ዳር አጠበቅኳቸው። ከዚያ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያደርሱት አራቱ ሽቦዎች ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥር ይጽፍባቸዋል። አንተ ግን በእያንዳንዱ ላይ ክር አስረሃል፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ወዲያው ገባኝና ብቻዬን ሳቅኩ። እማዬ ለሳውናው፣ ለእንፋሎት መታጠቢያችን፣ ለእያንዳንዳችን የሸመነችልን የመቀመጫ ጨርቆች ጥለት ነው! ራዲያተሩ ያለበት ወገን ምድጃው ነው፣ ከዚያ ወደ በሩ እንደምንቀመጠው ነው ብዬ ቆጠርኩ። ምድጃው ጎን አንተ፣ ሰማያዊው። ቀጥሎ ታነሊ፣ አረንጓዴው። ከዚያ እኔ፣ ቢጫዋ። ቀዩ ተረፈ። አንድ ካንዴላ ባዶውን ነበርና መጨረሻ ላይ ሰካሁት።

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ሞተሩን እንደ ጉድ አሽከረከረው። ካርቡራተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ከዚያ እንደ ጥይት ጮኸ። ቀና ስል ጎረቤታችን ጋሼ ኦይቫ አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል። ለካ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው።

«ግባ እንጂ ጋሼ ኦይቫ!»

«ካልጠራሽኝ ምን ብዬ ልግባ? ባትሪው ነው።»

ባትሪው አልነበረም። የቤንዚኑን ቱቦ ነቀልን፣ እጄ ላይ ፈሰሰ። አንድ ካንዴላ ፈትተን ወደ ሞተሩ ብረት አስጠግተን አየነው፤ ሰማያዊ እሳት ይተፋል። ጋሼ ኦይቫ አየር ማጣሪያውን ነፋ፣ ጎማውንም በእግሩ መታ።

«ጎማው ምን አደረገህ?» አልኩት።

«ምንም። ሁሉንም እየሞከርኩ ነው።»

«ቤንዚን አለ፣ እሳት አለ። ታዲያ ምንድን ነው የጎደለው?»

«አባትሽ» አለ። ከአፉ ሲወጣ ደነገጠ መሰለኝ፣ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ጎትቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳውናውን አነደድኩ። ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቅዳሜ ስለሆነ ብቻ። ባለቢጫ ጥለቱን ጨርቄን በሩ ጎን ቦታዬ ላይ አንጥፌ ተቀመጥኩ። አግዳሚው ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ወደ ምድጃው መጠጋት አቃተኝ። ውሃ የጋለው የምድጃው ድንጋይ ላይ ለማፍሰስ እንኳ ተንጠራርቼ ነበር። ያኔ ባለረጅም እጀታውን ጭልፋ ይዛ «ማን ነው የሚሸሸው?» እያለች የምትስቅብን እማዬ ትዝ አለችኝ። እንፋሎቱን የምታስነሳው እሷ ነበረች። ቀዩን ጨርቅ አንጥፋ ምድጃው ጎን የምትቀመጠውም እሷ። አንተ ወደዚያ የተጠጋኸው ከሞተች በኋላ ነው፣ ያውም ቦታውን ስንት ጊዜ ባዶውን ትተኸው ከቆየህ ወዲያ።

እኔ የቆጠርኩት እንደ ዛሬው ነው። አንተ የቆጠርከው እንደ ድሮው ነው። እሳቱ ለካ በተሳሳተ ተራ ነበር የሚደርሰው።

ፎጣ አገልድሜ፣ የአንተን ቦቲ ተጫምቼ ሮጥኩ። ጋሼ ኦይቫ ከአጥሩ ማዶ «ልጅቷ አበደች!» ሲል ሰማሁት። ቀዩን ነቅዬ ራዲያተሩ ጎን ሰካሁት። ከዚያ ሰማያዊው፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ በመጨረሻ ቢጫው። ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳ፣ አባዬ። ጭሱ ጓሮውን ሞላው፣ ኮፈኑ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፁ ረጋ። ስልኬን አስጠግቼ ለታነሊ አሰማሁት። «የእኛ ነው?» አለ። ከዚያ ሰብሳቢውን ራሱ እንደሚሰርዘው ነገረኝ። ጋሼ ኦይቫ ኮፍያውን አውልቆ «ተነሳ» አለ። «ተነሳ» አልኩት።

ክሮቹን ያሰርካቸው በዚህ ሐምሌ ነው። እማዬ ከሞተች ወዲህ በቤታችን ስሟ ተነስቶ አያውቅም። እኔ የረሳህ መስሎኝ ነበር፤ አንዳንዴም ተቀይሜሃለሁ። አንተ ግን አሁንም ስትቆጥር ከእሷ ትጀምራለህ። እኔ ቦታ ያጣሁላትና የተረፈ ጉድጓድ ውስጥ የሰካኋትን፣ አንተ መጀመሪያ አድርገሃታል። ስለ እሷ ለማውራት ቃላት ያስፈልጉናል ብዬ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አያስፈልጉም። ምድጃው ጎን ዝም ብለን መቀመጥ እንችላለን።

በፖስታው ውስጥ ሰማያዊ ክር አለ። መምጣት ከፈለግክ በግራ እጅህ ለሱቪ ስጣት፣ መልሳ ትልክልኛለች። የመጪው ቅዳሜ ጠዋት መኪናህን አስነስቼ በሩ ላይ ነኝ። ካልፈለግክም ክሩን ያዘው፣ አልቀየምም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ክር ይዤ መጥቼ እጠይቅሃለሁ። ቀዩን ጨርቅ ቦታው ላይ አንጥፌዋለሁ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ያንተ ነው።

መልስልኝ፣ አባዬ።

በሩ ጎን የምትቀመጠው ልጅህ፣
ኬርቱ