ያልበራው የሞተር መብራት

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ሱሀይላ፣ ጅዳ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነሽ እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ሙቀቱስ እንዴት ያደርግሻል? እኛ፣ አላህ ይመስገን፣ አለን። ደህና ነን ልልሽ እጄ ሄዶ ነበር፤ ይቺን ቃል ግን ዛሬ ትንሽ ላቆያት። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት። ስለዚህ ለእህቷ ሰርግ መጥታ ወደ ጅዳ የምትመለሰው ጎረቤታችን ራሕማ ይቺን ወረቀት በእጅሽ ታደርስልኛለች።

መጀመሪያ የመኪናዋን ወሬ ልንገርሽ። በአንቺ ላብ የገዛናት ሚኒባስ ሰሞኑን አስቸግራኝ ነበር። ከደሴ ስመለስ ዳገት ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ ነዳጁን እንደ ውሃ ትጠጣለች። የሚገርምሽ፣ የሞተሩ የማስጠንቀቂያ መብራት አንድም ቀን በርቶ አያውቅም። እኔ ሞኙ በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። የሌላው ሾፌር መብራት ሲበራ የኔዋ ጤነኛ ናት እያልኩ እቀልድበት ነበር። ተሳፋሪው ሳይቀር ማሻአላህ ይለኛል።

መካኒኩ ታደለ ግን ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈተና ዳሽቦርዱን አየ። የዘይቱም የባትሪውም ሲበራ የሞተሩ ብቻ ጨለማ ሆነ። ጤነኛ መብራት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል፤ ጭራሽ ካልበራ እሱ ራሱ ብልሽት ነው አለኝ። ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። አምፖሉን ከጎኑ ካለው ጋር አቀያየረ፣ አሁንም ጨለማ። በመጨረሻ ገመዱን ሲከተል ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሎ አገኘው። የሸጠልን ሰው በሽታዋ እንዳይታይ ብሎ ነው። ገመዱ ሲቀጠል መብራቱ በራ፤ ሞተሩ ተነስቶም አልጠፋም። ያኔ ሲፈተሽ ነዳጁን ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዱ እንደማይሠራ ታወቀ፤ ተቀየረ፣ መብራቱም ጠፋ። አሁን ዳገቱን ትወጣዋለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሳቤ አንቺ ላይ ነው። ከረመዳን ጀምሮ ምስልሽን አጥፍተሽ በድምፅ ብቻ ነው የምታወሪን። ኔትወርክ ነው ትያለሽ። ራሕማንም ስጠይቃት ደህና ናት ብላ ቶሎ ወሬ ቀየረች። ሰው አገር ያለው ክፉ እንዳይሰማ፣ አገር ቤት ያለውም እንዳይጨነቅ መደባበቅ ልማዳችን ነው፣ አውቃለሁ።

እንግዲህ ከኛ ወገን ያለውን እኔ ልጀምር። እማዬ ለሱሀይላ እንዳትነግር ብላ አስምላኝ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። አንቺ ምስሉን ካጠፋሽ በኋላም ስልኩን ፊቷ ላይ ይዛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ፊቷ ሞላ ትላለች። እኛም አዎ እንላታለን።

ባለቤቴ ፈርሂያ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላትን ሻሽ ለብሳ ሰርጉ ላይ ስትንጎራደድ ዋለች። አጎታችን ፈንታው ከከላላ በመጣ ቁጥር ስምሽን ሳያነሳ አይሄድም። የእማዬ ዱዓ አይለይሽ። እኔም በጣም ናፍቀሽኛል። ፊትሽን የምትደብቂው ለእማዬ ብለሽ ከሆነ፣ እሷ አታይሽም። የማይሽ እኔ ነኝ፤ ከስተሽም ቢሆን፣ ታመሽም ቢሆን ልይሽ።

ወንድምሽ አህመዲን
መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.