ማታ ይገባል ተብለህ ተመዝግበሃል

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? እንዴትስ ከርመሃል? ወገብህን ይዞህ የነበረው ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ያስቃስትሃል? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ የወንድሜ ልጅ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት ማለቴ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ያሳሰበኝ ነገር አለ፤ ብዕር ያስነሣኝም እሱ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ቤታችንን ታውቀዋለህ፣ እማዬ ከጎኔ አትነሣም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። የፌዴራል መንግሥት የኢንቨስትመንት ፖሊሲውን አሻሽሏል። እስከ ዛሬ በጀቱ ለየከተማው እየተቆራረጠ ነበር የሚሰጠው፤ ሁሉም በደረሰው ቁራሽ በየፊናው ይሠራል። ውጤቱን አንተም ታውቀዋለህ። የእኛ አስፋልት ከመጨረሻው ቤት አጥር ሥር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ከተማ ወሰን ስለሆነ ጭቃ ነው። እነሱ ደግሞ አውቶቡስ የማይገባበት የአውቶቡስ መናኸሪያ ሠርተው አሁን ልብስ ያሰጡበታል። አዲሱ ፖሊሲ ግን ትልቁ ከተማና በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ከተሞች ኑሯቸው አንድ ስለሆነ እንደ አንድ አካባቢ ይታዩ፣ መንገዱም አውቶቡሱም ውሃውም በአንድ ዕቅድ ይሠራ ይላል። «ሜትሮፖሊታን» ይሉታል። ስሙ ለአፌ ከበደኝ እንጂ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ የእኔው ኑሮ እኮ ነው።

ግን መለኪያ አለው። ከአንድ ከተማ ሠራተኞች ከአምስቱ አንዱ በየቀኑ ወደ ትልቁ ከተማ የሚመላለስ ከሆነ ከተማው ካርታው ላይ ከሚሰመረው መስመር ውስጥ ይገባል፤ ካልሆነ ውጭ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ባለፈው ዓመት ቆጣሪዎች በየቤቱ ዞሩ። ለምን እንደሚቆጥሩን ግን በቅጡ የነገረን አልነበረም። ያ «ሬዲዮ» የምንለው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን፣ ወሬ ካልቀደመ መርፌው የማይሄድለት፣ ትልቁ ከተማ እሠራለሁ ያለ ሰው የዚህ ነዋሪነቱ ይሰረዛል ብሎ አስወራ። እኛ ደግሞ ብልጦች አይደለን? ሁሉም በየደጁ ቆሞ «እዚሁ ነው የምሠራው» አለ። እኔ ራሴ፣ የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ዩኒፎርሜ ከቆጣሪዋ ጀርባ ገመድ ላይ ተሰጥቶ እያየሁት፣ «ቤት ውስጥ ነኝ» አልኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ውጤቱ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከከተማችን ወደ ትልቁ ከተማ የሚመላለሱት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው ይላል። አሥራ አንድ! እኔ ጠዋት በምሳፈርባት ሚኒባስ ብቻ ሃያ ሁለት ሆነን ነው የምንታጨቀው። ረዳቱ ወረቀቱን አንብቦ፣ ታዲያ እናንተ እነማን ናችሁ ብሎ ሲስቅብን ዋለ። መስመሩ እኛን ትቶ አለፈ።

እኔን ያስጨነቀኝ ምን መሰለህ? የጠዋቱ ፈረቃ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ዝናብ ከገባ ወዲህ ሚኒባሷ ጭቃው ላይ እየቆመች ሁለት ጊዜ አርፍጃለሁ። አለቃችን ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን አንሶላው ካልደረሰ ቀዶ ጥገናው ይቆማል። ሦስተኛ ጊዜ ካረፈድሽ ወይ እዚህ ቤት ተከራዪ ወይ ቦታሽን ልቀቂ ብላኛለች። የፈሩት ይደርሳል ነውና በየማለዳው ሰማዩን አንጋጥጬ ነው የምወጣው። ሥራውን ብለቅ በምን እንኖራለን? እዚያ ብከራይስ እማዬን ማን ያያታል? ጠዋት ጉልበቷ እስኪፍታታ ደግፌ ከአልጋ የማነሣት እኔ ነኝ። ከመስመሩ ገብተን አውቶቡሱ ከመጣ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ሥራዬንም እሠራለሁ፣ ማታም ቤቴ እገባለሁ።

ደግነቱ አቤቱታ ይቻላል። ጡረተኛው መምህር ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ሬዲዮንም ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ማመልከቻውን ጻፈ። ሬዲዮ ያን ቀን ድምፁ ጠፋ። በሚመጣው ወር መጨረሻ ቆጣሪዎቹ እንደገና ይመጣሉ፤ የእያንዳንዱን የሥራ መታወቂያ ያያሉ። ከአንድ ቤት እንኳ ሐሰት ከተገኘ አቤቱታው በሙሉ ይወድቃል ብለው አስጠንቅቀውናል። ቀድሞ የተመዘገቡት አሥራ አንዱም ይጣራሉ። መምህሩ ዝርዝሩን ሲያነብልን ሦስተኛ ላይ የሰማሁት ያንተን ስም ነው።

ለካ ያን ቀን እኔ ዋሽቼ ወደ ጓዳ ስገባ፣ ቆጣሪዋ ሌላ የቤተሰብ አባል እንዳለ እማዬን ጠይቃታለች። እማዬም ወንድ ልጅ አለኝ፣ ከተማ ነው የሚሠራው፣ ማታ ይገባል ብላ አስመዘገበችህ። የምንመላለሰው ሁሉ ተደብቀን፣ ዘጠኝ ዓመት ደጃችንን ያልረገጥከው አንተ በየቀኑ ተመላላሽ ሆነህ ቁጭ አልክ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ በሳቅ ፍርፍር አልኩ። በኋላ ግን ሳቁ እንባ ሆነብኝ።

ስሙን እናስወጣው ብዬ ለመንኳት። መምህሩም ለመናት፣ ሬዲዮም ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ለመናት፤ ወይ ፍንክች! ልጄን ከቤቴ መዝገብ የማስወጣው አልመጣም ብሎ በገዛ አፉ ሲነግረኝ ነው አለች። አየህ፣ አንተ እዚያ ሰው አገር ቤት ገዝተህ መደላደልህን ለእኔ ጽፈህልኛል፤ «ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ ዘንድሮ ይመጣል በያት» ብለህ። እኔም በየዓመቱ «ዘንድሮ» ስላት ኖሬአለሁ። ቆጣሪዋን የዋሸቻት እማዬ ብትሆንም ያስተማርናት እኔና አንተ ነን።

ወንድም ጋሼ፣ አልቆጣህም፤ ግን እለምንሃለሁ። ቆጣሪዎቹ ሳይመጡ ደውልላት። እሁድ እሁድ ከሰዓት ቤት ስለምውል ከጎኗ እሆናለሁ። ማታ ማታ የምትገባዋ ልጇ እንዳትሄድባት፣ የማይገባውን እንድታስወጣ አንተው ንገራት። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ብትታመምብኝስ? ጭራሽ ዝም ብትልስ? ይህንንም አስቤዋለሁ። ካልደወልክ ቆጣሪዋ ፊት እኔ መናገሬ አይቀርም። ከእኔ ከምትሰማው ግን ካንተ ብትሰማው ይሻላታል።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። አክስታችን ዓይኗ ተሽሏት በመርፌ ቀዳዳ ክር በራሷ ማስገባት ጀምራለች፤ ሰላም ብላሃለች። መምህሩም ሰላም ብሎሃል፣ የእጅ ጽሕፈትህ አሁንም እንደዚያው ነው ወይ ይልሃል። ሬዲዮም ሰላም ብሎሃል፤ ሰላምታ ብቻ ነው፣ ወሬ አልላክኩም በይልኝ አለ።

እማዬ ስጽፍ አይታኝ አሁን ከጎኔ ተቀምጣለች። መነጽሯን ስላላደረገች የጻፍኩትን አላየችም። የራሷን ሰላምታ አስጽፋኛለች፤ ቃል በቃል ይኸው። ልጄ እንደምን አለህ፣ ስምህን አስወጪ እያሉ አስጨንቀውኛል፣ እኔ ግን ለቆጣሪዋ አልዋሸሁም፣ ማታ ይገባል አልኳት እንጂ የትኛው ማታ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ቆጠራው አምስት ሳምንት ሲቀረው