ከልጄ ስም ሥር

ይድረስ ለማከብርዎት እናቴ፣ ለአደይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ዓይንዎስ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሻል አለው? እኔና የልጅ ልጅዎ፣ ክብር ለፈጣሪ ይሁን፣ በአካል ደህና ነን። ደብዳቤ መጻፌ ገርሞዎት ይሆናል። ስልክ ላይ ስለ ልጅዎ፣ ስለ ባለቤቴ ስለ ጸጋይ ስጠይቅዎ ጠብቂው ብቻ ብለው ወሬ ይለውጡብኛላ! ይኼን የድሮ ጎረቤታችን ግደይ መቀሌ ሲመጣ በእጅዎ ይሰጥዎታል።

አደይ፣ ያውቁኛል፤ እኔ እንዲህ በቀላሉ እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። እርስዎ ታመው ጸጋይ ሊጠይቅዎ እንደሄደ ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው፣ በሆዴ ልጁን ይዤ ይመጣል አልኩ። የፒያሳው ቤታችን ሲፈርስ ያለቀስኩት ለቤቱ አይደለም፤ መጥቶ ቢያጣንስ ብዬ ነው። አሁን ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እሁድ እሁድ ሥላሴ አስቀድሼ፣ ልጁን ይዤ ፒያሳ እሄዳለሁ። ቤታችን የነበረበት ቦታ አበባ ተተክሎበታል፤ እዚያ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። ዘበኛው ለምዶኛል። እብድ ናት ሳይል ይቀራል? ይበል!

መንገድ ሲከፈት ለልጁ ክታብ ልከውለት ነበር፣ በአዲስ ቀይ ቆዳ የተሰፋ። የአያት ቅድመ አያቶቹ ነው፣ ስሙን አስጽፌበታለሁ አሉኝ። የጸጋይ ጓደኛ ማቲዎስ ደግሞ አራት ኪሎ ውስጥ አሮጌ ብራና በልዩ ልዩ ብርሃን ፎቶ ከሚያነሱ ሰዎች ጋር ይሠራል። ተፍቆ የጠፋ ጽሕፈት ሁሉ ይታያል ሲለኝ እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ልጄ አባቱን ባያውቅ እንኳ የዘር ማንዘሩን ስም ይወቅ ብዬ ክታቡን ወሰድኩለት።

ማቲዎስ ስፌቱን ፈትቶ ብራናውን ዘረጋው። ኮምፒውተሩ ላይ መጀመሪያ የልጄ የክርስትና ስም፣ ገብረ መድኅን፣ ጎልቶ ወጣ። ብርሃኑን ሲቀይረው ከሥሩ ሌላ ስም መጣ። ዕቀቦ ለገብርከ ወልደ ገብርኤል ይላል፤ ባሪያህን ወልደ ገብርኤልን ጠብቀው። ወልደ ገብርኤል ማን እንደሆነ ለእርስዎ እኔ ልንገርዎት? ተክሊል ሲደረግልን ካህኑ ከእኔ ስም ጋር የጠራው ስም ነው።

ከስሙ ጎን ሰፊ ጥቁር እድፍ ነበረ። ቀለም ፈሶበት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቀለም አይደለም አለኝና ኮምፒውተሩን አጠፋው። እኔም ክታቡን ይዤ ወጣሁ።

ያን ክታብ እኮ አውቀዋለሁ! በጥቁር ቆዳ ተሰፍቶ ከጸጋይ አንገት አይወርድም ነበር፤ ገላውን ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም። የሄደ ዕለት የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፍኩለት እኔ ነኝ፤ ክታቡ ከውስጥ ነበር። ለእርስዎ ትቶልዎት ሄደ ልበል? እሺ ልበል። ስሙስ? ፒያሳ የመጡ ጊዜ፣ እርጉዝ ሆኜ፣ የሱን አስፍቀው የእኔን ያስጽፉልኝ ብዬ ስቀልድ ምን ያህል እንደተቆጡኝ ያስታውሳሉ? ባለቤቱ እስትንፋስ እያለው የክታብ ስም አይፋቅም፣ ሟርተኛ አትሁኚ አሉኝ። አማትቤ ይቅርታ ጠየቅሁዎት።

ክታቡን ከላኩ በኋላ እንኳ በየስልኩ ጠብቂው ይሉኛል። አደይ፣ እንዴት ያን ሁሉ እሁድ ያቆሙኛል? እንዴት አስቻለዎት? በጣም ተናድጄብዎታለሁ፤ አልደብቅዎትም። ግን ንዴቴ ሳይበርድ ስለ እርስዎ አስባለሁ። ክታቡን የጻፈው መሪጌታ ያን ስም ሲፍቀው አጠገቡ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። ያን ዕለት ማን ደግፎ ያዘዎት? ለእኔ ብለው ብቻዎን ነው ያለቀሱት?

በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ የሆነውን ይንገሩኝ። መጻፉ ከከበደዎት ቀኑን ብቻ ለግደይ ይንገሩልኝ፤ ተዝካሩን እኔ አወጣለሁ። ተሳስቼ ከሆነም ይማሉልኝና ፒያሳ መቆሜን እቀጥላለሁ። ክታቡን መልሼ አሰፍቼ ልጁ አንገት ላይ አድርጌዋለሁ። የአባቱ ነው።

ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ፤ ከልጅ ልጅዎ ጋር ዓይን ለዓይን ያገናኝልኝ።

የልጅዎ ሚስት ነኝ፤
ሌላ መጠሪያ ካለኝ እርስዎ ያውቃሉ።