ቀለሙ ስላማረው ቤንዚንና ስለ ልጄ ስም

«በተደረገው የቀለም ምርመራ ቤንዚኑ ትክክለኛ ቀለም ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ለሞተሩ መሰበር ምክንያቱ የነዳጁ ጥራት ሳይሆን አሽከርካሪዋ ከአቅሟ በላይ የሆነ መኪና መያዟ ነው። ሞተሩ አስቀድሞ ያንኳኳ ነበር የተባለውን በተመለከተ፣ አባትየው ሰማሁ ያሉት ድምፅ ከማዳመጥ ብዛት የመጣ ሊሆን ይችላል።»

ይህ ከጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔ ላይ ቃል በቃል የተቀዳ ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርሁበትም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ መጨመር የተለየ ተሰጥዖ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ አልታደልሁም።

ለተከበሩ የነዳጅ ጥራት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ወገብዎ ሳያምዎ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ መስኮትዎም ሰው ወደሚሰለፍበት በር ሳይሆን ወደ አትክልቱ ተከፍቶ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው።

እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። በዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምሬ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል እመራለሁ። ደመወዜ የሚከፈለኝ ለማዳመጥ ነው። አዳራሽ ሙሉ ማሽን በአንድ ጊዜ ሲጮኽ፣ ከመካከላቸው የታመመችውን በድምፅዋ ለይቼ ካላስቆምኋት ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው። ስለዚህ በማዳመጥ ብዛት የቀረበብኝን ክስ አልክድም፤ ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ጥፋት ፈጽሞ እንደማይጠረጠርም እመሰክራለሁ።

ጉዳዩ የልጄ ነው። ልጄ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ በቀጭን መሣሪያ የፀጉር ያህል ስታስተካክል ትውላለች። በቁጠባዋ የገዛቻት ያገለገለች ባለሁለት በር መኪና አለቻት፤ ቱርቦ ያላት፣ ለፍጥነት የተሠራች። በየዓመቱ የመኪና ስፖርት ክበቡ ከድንጋይ ካባው ጀርባ ያለውን መንገድ ዘግቶ በሚያዘጋጀው የዳገት ውድድር ላይ ትወዳደራለች፤ ካቻምና ሦስተኛ ወጥታለች። የነዳጅ መሙያዋ ክዳን ሲከፈት «ኦክቴን 95 እና ከዚያ በላይ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ልጄ ይህን ጽሑፍ ታከብራለች። ማክበር ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል።

ጽሕፈት ቤትዎ በባለሙያ የተሞላ በመሆኑ ስለ ኦክቴን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ይሁንና ይህ ሁሉም እንዲያነብበው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ለሌላው አንባቢ ጥቂት ልበል፤ እርስዎ ይህን አንቀጽ ሊዘሉት ይችላሉ፤ እስካሁንም የዘለሉት ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ቁጥሩ የቤንዚኑ ጉልበት ይመስለዋል። አይደለም፤ ትዕግሥቱ ነው። ሞተር ቤንዚንና አየርን አንድ ላይ ይጨምቅና ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ያነድዳቸዋል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ቤንዚን የቱንም ያህል ቢጨመቅ ካንዴላው እስኪያዘው ይጠብቃል። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ግን ሲጨንቀው በራሱ ይፈነዳል፤ ገና ወደ ላይ በመምጣት ላይ ያለውን ፒስተን ፊት ለፊት በጥፊ ያጮለዋል። ሞተር አንኳኳ የሚባለው ይህ ነው። የእኔ አሮጊት መኪና ብዙም ስለማትጨምቅ 91 ይበቃታል፤ 95 ብሞላላት ለአህያ ማር ነው። ቱርቦ ያላት ግን አየሩን በግድ እያጨቀች ስለምታስገባ ታጋሽ ቤንዚን ካላገኘች የራሷን አንጀት ትበጥሳለች። እርግጥ ማንኳኳቱን ሰምቶ ጉልበት የሚቀንስ ሴንሰር አላት፤ ዳገት ላይ በሙሉ ጉልበት ሲሄዱ ግን እሱም መሸሻ ያጣል። ምናልባት እሱም ከማዳመጥ ብዛት ይሆናል የሚሳሳተው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. ቁጥሩን ስላነሱልን አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ባወጡት መመሪያ፣ «ቁጥር ተጠቃሚውን ግራ ያጋባል» በሚል ምክንያት፣ በየማደያው ተጽፎ የነበረው 91 እና 95 ተፍቆ በምትኩ «መደበኛ» እና «ልዩ» ተብሎ ተለጠፈ። በዚያው መመሪያ፣ ለዓይን እንዳይለያዩ ነው መሰል፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም እንዲኖራቸው ተወሰነ። ባለቤቴ መመሪያውን ሳነብላት ከእጇ ሥራ ቀና ሳትል፣ «ታዲያ የጫማ ቁጥርም ያንሱልን፣ እግራችን ግራ እንዳይጋባ» አለችኝ። ሐሳቡ የእሷ ስለሆነ ለሚቀጥለው መመሪያ ቢወስዱት ቅር አይላትም።

2. ሁለቱም ቤንዚኖች ከአንድ ጉድጓድ እንዲቀዱ ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። ልጄ በምትሞላበት ማደያ ከመሬት በታች ካሉት ሁለት ታንከሮች አንዱ እያፈሰሰ በመሆኑ ተዘግቷል፤ ማደያው በቀረው በአንዱ እንዲሠራ የተፈቀደለት በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ነው፤ ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቦቴው መጥቶ ሲገለብጥ ቆሜ አየሁ። አንድ ቱቦ፣ አንድ ጉድጓድ። የምትቀዳውን ልጅ «ልዩውስ መቼ ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ልዩውም እኮ ይኸው ነው» አለችኝ። «ሲገባ አንድ ነው፤ ሲወጣ ነው የሚለየው።»

ልጅቷን አልወቅሳትም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ እውነቱን የነገረችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት፤ ያውም ሳልሰለፍ።

3. ስለ ምርመራው። ሞተሩ ከተሰበረ በኋላ ከመኪናዋ ታንክ የቀረውን ቤንዚን በጠርሙስ ይዘን ከልጄ ጋር ላቦራቶሪያችሁ መጥተን ነበር። ኦክቴን የሚለካው ሞተር በክፍሉ መካከል ቆሟል። ነጭ የዳንቴል ጨርቅ ለብሷል፤ በላዩም የፕላስቲክ አበባ፣ አንድ ፔርሙስና አራት ስኒዎች ተቀምጠዋል። መርማሪው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣና ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አየው። «ቀለሙ ያምራል» አለ። ሁለቱም ቤንዚን አንድ ቀለም በሆነበት አገር ቀለም ምን እንደሚለይ ብጠይቀው፣ «እኛ የምናየው መመሪያው የሚለውን ነው» አለኝ። መለኪያውስ? «እሱ ቀበቶው ከተበጠሰ ቆየ፤ ግን ጥሩ ጠረጴዛ ሆኗል።»

ይህን ጊዜ ልጄ ጣልቃ ገባች። «እኔ ጥርስ በቀለሙ ብቻ ባስረክብ» አለችው፣ «ሰዉ በምን ያኝካል?» መርማሪው ሳቀና ስኒ አቀረበልን። መጥፎ ሰው አይደለም። ውሳኔውን የጻፈው ግን እሱ ነው፤ የፈረሙበት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

4. ወደ ዋናው ደረስሁ።

ከአምናው ውድድር በፊት በነበረው ሳምንት ልጄ ከሥራ ወደ ቤት ስታደርሰኝ፣ በእኛ ሰፈር ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያንኳኳ ሰማሁት። ቆርቆሮ ውስጥ ብሎን ተረስቶ የሚንከባለል ይመስል ነበር። «ይቺ መኪና አሟታል» አልኋት።

«አባዬ፣ ልዩውን እኮ ነው የሞላሁላት» አለችኝ።

ከአባቷ ጆሮ ይልቅ የእናንተን ጽሑፍ አመነች። ክቡርነትዎ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ቢሉ ደስ ይለኛል። ከሕዝቡ መካከል በጽሕፈት ቤትዎ የምታምን አንዲት ሰው ነበረችልዎ፤ እሷንም ሰበሯት።

በልምምዱ ቀን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፒስተኑ ተበስቶ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ልጄ መኪናዋን ወደ ዳር አውጥታ፣ በሩን ከፍታ፣ እጇን እያወዛወዘች ቁልቁል ሮጠች። አልደረሰችም። ከኋላዋ የተነሣው የክበቧ ባልደረባ ዘይቱ ላይ ተንሸራቶ ከመንገዱ ዳር መከላከያ ብረት ጋር ተላተመ፤ ትከሻው ተሰበረ። ክበቡ ምክንያቱን ለማወቅ እናንተን ጠየቀ። እናንተም ከላይ ያነበቡትን ጻፋችሁ፤ ክበቡ በዚያ ወረቀት ልጄን ከውድድር አገደ።

የተጎዳው ልጅ ራሱ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ «አንቺ ምን አደረግሽ? እኔን የጣለኝ ዘይቱ ነው» ብሏታል። እናቱ ግን የሚያነብቡት ሰው የተናገረውን ሳይሆን ማኅተም ያለበትን ነው። ልጄ ልትጠይቀው ስትሄድ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩባት። እሷም ሰላም ብላ አልፋ፣ ያመጣችውን ፍራፍሬ ነርሷ ጋ አስቀምጣ ተመለሰች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ አይደለችም።

መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢያችን ቆማለች። ልጄ ስለ እሷ አታወራም። ባለፈው ሄልሜቷን ለጎረቤት ሞተረኛ ልትሰጥ ስትል እናቷ ከእጇ ቀማቻትና ከራሷ ልብስ ጋር ቆለፈችበት። ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍም ለምናኛለች። «ተወው አባዬ፣ ነገሩን ያበዙብኛል» ነው ያለችኝ። በጽሕፈት ቤትዎ ላይ ያላት እምነት በአጭር ጊዜ ምን ያህል እንደ በሰለ ከዚህ ይረዱልኛል።

ክቡር ሆይ፣ የሞተሩን ዋጋ አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። ሞተር ብረት ነው፣ ይሠራል። የምጠይቀው ስለ አቅሟ የጻፋችሁትን አንዱን ዓረፍተ ነገር እንድትሰርዙ ነው። የክበቡ ጸሐፊ ያ ዓረፍተ ነገር ከተሰረዘ እገዳው እንደሚነሣ ነግሮኛል፤ የዘንድሮው ምዝገባ የሚዘጋው ሚያዝያ 15 ነው። ዓረፍተ ነገሩን ለመጻፍ ቤንዚኑን መመርመር ካላስፈለጋችሁ፣ ለመሰረዝም አያስፈልጋችሁም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቁጥሩንም ወደ ማደያው ብትመልሱት መልካም ነው። ግራ መጋባቱን እኛ እንችለዋለን።

ስለ ሰጡን ጊዜ፣ ስለ ሰጡን ቀለም፣ እንዲሁም ጆሮዬ ከሚገባው በላይ እንደሚሠራ በማኅተም ስላረጋገጡልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የአሽከርካሪዋ አባት፣ አሁንም በማዳመጥ ላይ ያለው

ማስታወሻ፦ ከላቦራቶሪያችሁ ወጥተን በጓሮ በኩል ስናልፍ የእርስዎን መኪና አየሁ። ውብ መኪና ናት፤ ቱርቦም አላት። ሾፌርዎ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ከተቀመጠ በርሜል እየቀዳላት ነበር። ከከተማው ማደያ ለምን እንደማይሞላ ብጠይቀው፣ «የአለቃን መኪና? ቁጥሩን ሳላይማ አልቀዳላትም፤ ማን ሊጠየቅልኝ ነው?» አለኝ። በእርግጥም በርሜሉ ላይ በትልልቁ በጠመኔ 95 ተብሎ ተጽፏል። በመመሪያው መሠረት ቁጥር ሰውን ግራ ስለሚያጋባ እንዲያጠፉት ላሳስብዎ አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ተውሁት፣ የእርስዎ ሞተር ምን አጠፋ? ይልቅ መልስዎን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከፊርማ ጋር፣ እስከ ሚያዝያ 12 ቀን ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት እጠብቃለሁ። ወረቀት ካለቀባችሁ በጠመኔም ቢሆን እቀበላለሁ።