ብዥ ያለው ፎቶህ ሐውልቱ ላይ ወጣ

ይድረስ ለፎቶ አንሺው ባሌ፣ ለአሰፋ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ብዬ አልጠይቅህም፤ ከዚያ ጣጣስ ተገላግለሃል። ከተለየኸን ዓመት አለፈ፤ ሙት ዓመትህንም በወግ በማዕረግ አወጣን።

እኛ ደህና ነን። ግቢያችን ያለው ማንጎ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፍርቷል፤ የጎረቤት ልጆች አንተ የለህም ብለው በአጥር መዝለሉን ትተው በበር ገብተው ይለቅሙታል። ፎቶ ቤትህን ለፀጉር አስተካካይ አከራየሁት። «ጥርት ያለ ፎቶ እናነሳለን» የሚለውን ማስታወቂያህን ግን አወረድኩት፤ በሐሰት ምስክርነት አብሬህ እንዳልጠየቅ።

ልጃችን ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አገር ደርሷት ስትሄድ መናኸሪያ ያነሳሃትን ታስታውሳለህ? አውቶብሱ ቀይ ሰረዝ ሆኖ፣ እሷ የቢጫ ሻሿ ጭረት ብቻ ሆና ወጣች። ልጄ የታለች ብዬ ስጮህብህ፣ ፊቷማ መታወቂያዋ ላይ አለ፣ እኔ ያነሳሁት መሄዷን ነው አልከኝ። ተናድጄ ሳምንት ሙሉ ወጥ ሳልጨምርልህ ሰነበትኩ። ዛሬ ያ ፎቶ አልጋዬ ራስጌ ነው። ባየሁት ቁጥር አውቶብሱ እንደገና ይነሳል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሐውልትህ ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ስንፈልግ ጉድ ፈላ። አሶሳን በሙሉ ስታነሳ ኖረህ አንተን ያነሳ ሰው የለም! ሁለት ብቻ ተገኘ። አንደኛው የመታወቂያህ ነው፤ ፍየል ሰርቆ የተያዘ መስለሃል። ሁለተኛው እኔ ያነሳሁህ ነው። ካሜራውን ሰጥተኸኝ፣ እንደ ባለሥልጣን ደረትህን ነፍተህ ቆመህ ሳለ የጎረቤት ዶሮ ትከሻህ ላይ ወጣች፤ በሳቅ እጄ ተንቀጥቅጦ ብዥ አልክ። ፊት የሚባል የለህም፤ ጥርስ የመሰለ ነጭ ነገርና የሚበር ቡናማ ጭረት ብቻ። ላጥፋው ስልህ ከለከልክ። ይሄ የኔ ፎቶ አይደለም፣ የሳቅሽ ፎቶ ነው አልከኝ።

ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ይመር ከፓዌ መጥተው ብዥ ያለውን ሲያዩ፣ መቃብር ላይ ጭስ አይለጠፍም፣ ወንድሜ ፊት ነበረው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ነበረህ። ታላቅ ናቸውና ዝም አልኩ፤ እኔ ዝም ስል ብታይ ለማስረጃ ታነሳኝ ነበር። እሳቸውም የመታወቂያውን ይዘው አዲሱ ፎቶ ቤት ሄዱ። የሙት ፎቶ ላይ በኮምፒውተር ሱፍ ማልበስ እዚያ ልማድ እንደሆነ ታውቃለህ። በዚህ ሙቀት ጥቁር ሱፍ አለበሱህ፣ ሰማያዊ ከረባት አሰሩልህ፣ ፊትህን አቀሉት፣ ከኋላህም ፏፏቴ ለቀቁብህ። ለሰርጋችን እንኳ በሸሚዝ የቆምክ ሰውዬ!

ጋሽ ይመር ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ ሰውየውስ ደህና ሰው ይመስላል፣ ግን ማን ነው? አሉ።

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩና ብዥ ያለውን ጭናቸው ላይ አኖርኩት። መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከልጅነቱ ሲስቅ ትከሻው ነበር የሚቀድመው፣ ይኸው እሱ ነው፣ ይሄ ይለጠፍ አሉ።

ተለጠፈ። አሁን የሚመጣው ሁሉ ዓይኑን ያሻል፤ ቄሱ ሳይቀሩ ዝናብ ገብቶበት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ ስለ ዶሮዋ እነግረዋለሁ። ሊያለቅስ መጥቶ፣ መቃብር ቦታ ላይ ስቆ፣ አፍሮ የሚሄደው ሰው በዝቷል፤ ኃጢአቱ ያንተ ነው።

እስካለሁ ድረስ ስላንተ ማውራቴን አልተውም፤ በሕይወትህም አልተውኩህ። የሙት ዓመትህ ዕለት ሰው ሁሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቼ ሐውልትህን በካሜራህ አነሳሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ በዚህኛው ግን ዶሮ አልነበረችም። ብዥ ብሎ ወጣ። አላጠፋሁትም። የምን ፎቶ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

እጇ ዛሬም ያልረጋው ሚስትህ፣
ዘነበች