ለቀርከሃው ውታፍ የቀረበ ምስጋና

እንጅባራ፣ የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.፤ ይህን ስጽፍ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት ከአራት ወር ከስድስት ቀን ነው።

ለተከበሩ አቶ ሽባባው አምሳለ፣
የመንገደኞች ማረፊያ ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይ ስለ ዓይንዎ እጸልያለሁ፤ በሦስተኛው ክፍል ያለውን የፊት መታጠቢያ ገንዳ ሳያይ ሰባት ወር ያሳለፈ ዓይን ሕመም ቢኖርበት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። ሠላሳ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ በዚሁ ክፍል ተከራይቼ የኖርሁ ሽማግሌ እንደ መሆኔ፣ የዋሉልኝን ውለታ በጽሑፍ ሳላሰፍር ማለፍ አልወደድሁም።

፩ኛ፤ የገንዳው የጎማ ውታፍ ባለፈው ሐምሌ ተሰንጥቆ ውሃ ማሾለክ በጀመረ ጊዜ ማመልከቻ አቀረብሁ። አሮጌው ካልተመለሰ አዲስ አይሰጥም ስላሉኝ፣ ጎማውን በወረቀት ጠቅልዬ አስረከብሁ። ጥቂት ይይዝ የነበረውን ወስደው ምንም የማይይዝ ቀዳዳ ስለ ተዉልኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ ማመልከቻዬን ባቀረብሁ በአምስተኛው ወር አናጢውን አዝመራውን አዝዘው ከቀርከሃ ውታፍ አስቆረጡልኝ። ቀርከሃ ከአንጓው ላይ ካልተቆረጠ ውስጡ ክፍት መሆኑን በአገራችን አጥር ያጠረ ሁሉ ያውቃል። አዝመራውም አላጣውም፤ ነገር ግን በትእዛዝዎ ላይ ውፍረቱና ርዝመቱ እንጂ አንጓው ስላልተጻፈ፣ የታዘዘውን ብቻ ቆርጦ ሄደ። ክቡርነትዎም ሳያዩት በመዝገብ ላይ «ተተክቷል፤ እጅግ መልካም» ብለው ፈረሙ። ቀዳዳ በቀዳዳ ሲደፈን በዕድሜዬ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

፫ኛ፤ ጥር ፲፫ ቀን የልጅ ልጄ የደጊቱ ሠርግ ነበር። የጣራው በርሜል በቀን ለአንድ ሰው መታጠቢያ ብቻ እንደሚበቃ ያውቃሉ። ገንዳውን ሞልቼ፣ ጢሜን ሳሙና ቀብቼ ጎንበስ ስል ውሃው ከእኔ ቀድሞ ሄዷል። የቻልሁትን ሳሙና በፎጣ ጠርጌ፣ የቀረው ጢሜ ላይ ነጥቶ እንደ ደረቀ ወደ ሠርጉ ሄድሁ። ሙሽሮቹን ልመርቅ ከሽማግሎች መካከል ብድግ ብዬ ገና ስጀምር፣ ክቡርነትዎ ከዳሱ ጫፍ «አባቴ፣ የዛሬው ውርጭ እርስዎ ጢም ላይ ነው እንዴ ያደረው?» ብለው ጮኹ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ፤ ምርቃቴም ከመካከሉ ተቆረጠ። ደጊቱ የአያቷን ምርቃት እስከ መጨረሻው ሳትሰማ ወደ ባሏ አገር ሄደች። ይህን ውለታዎን ከሁሉ አብልጬ ይዤዋለሁ።

በእኛ ዘመን ታናሽ ለታላቁ በማንቆርቆሪያ ያስታጥብ ነበር፤ ውሃው ቢያንስ ፊት ሳይነካ አይሄድም። ለሽማግሌ ምርቃትም «አሜን» እንጂ ሳቅ አይመለስለትም ነበር። ውለታ መመለስንም የተማርሁት በዚያው ዘመን ነው። ስለዚህ ማረፊያ ቤቱን ሊመረምሩ ከደብረ ማርቆስ ለመጡት ተቆጣጣሪ ክብር ስል፣ እንዲያርፉበት ክፍሌን ትናንት በፈቃዴ ለቀቅሁ፤ ክቡርነትዎም ስለ ቸርነቴ እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። ውታፉ የመዝገብ ንብረት በመሆኑ አልነካሁትም፤ በቦታው እንዳማረበት ትቼዋለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እንግዳዎ ጎንበስ የሚሉበት ሰዓት ነው።

የውለታዎ ባለዕዳ፣ ፊቱን ሳይታጠብ የከረመው የቀድሞ ጸሐፊ፣
ስማቸው ገበየሁ

ማሳሰቢያ፤ የተቆጣጣሪው ጢም ከእኔ ጢም በእጥፍ ይረዝማል። የውርጩን ቀልድ ለእርሳቸውም እንዲደግሙላቸው በትሕትና እለምናለሁ። የዚህን ግልባጭ በማረፊያ ቤቱ በር ላይ ለጥፌ፣ ዋናውን በሰም አሽጌ በርሜሉን በምትሞላው በደብሪቱ እጅ ልኬአለሁ።